ደቦ የሚጠራ ጠላውን ቀድሞ ይጠምቃል

ለኖርዲክ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፤
ለስዊድን፣ ለዴንማርክ፣ ለኖርዌይ፣ ለፊንላንድና ለአይስላንድ የባህል ሚኒስትሮች፤
ለአምስቱ አገሮች የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ኃላፊዎች

ግልባጭ፦ በእነዚህ አገሮች ለምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች

ጉዳዩ፦ የወንጀል ተከታታይ ድራማዎች የሚሠሩበትን የጋራ ገንዘብ ስለመጠበቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከስዊድን፣ ከማልሞ ከተማ ነው። እዚህ ከተማ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው። ፊልም ሠሪ አይደለሁም። ግብር ከፋይ ግን ነኝ። ከገቢዬ ላይ በየዓመቱ ለሕዝብ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ። ስዊድን ውስጥ ይህ ክፍያ ከ2019 ጀምሮ ከግብር ጋር ነው የሚሰበሰበው። ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 1 በመቶ ነው፤ ሲጀመር ጣሪያው 1,300 ክሮነር ገደማ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ብዙ ገንዘብ ላይመስል ይችላል። ከላቤ የወጣ ግን ነው። ስለዚህ የምለው አለኝ።

በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። የስዊድንኛውን ቅጂ ለየመሥሪያ ቤታችሁ እልካለሁ። መጀመሪያ ግን የእኔ ሰዎች እንዲያነቡት ፈለግኩ። ብዙዎቻችን ይህ ጉዳይ የእኛ አይመስለንም። “የነሱ ቴሌቪዥን ነው፣ የነሱ ፊልም ነው” ብለን እናልፈዋለን። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንዲት እናት ናቸው።

በ2013 መጸው የማታ ፈረቃ እሠራ ነበር። በየቤቱ የምቆየው ደቂቃ በስልኬ ላይ ተቆጥሮ ይመጣል። እዚህ ቤት ሃያ ደቂቃ፣ እዚያ ቤት አሥራ አምስት። የመጨረሻው ቤት የእኚህ እናት ነበር። ሰማንያን የተሻገሩ የማልሞ ተወላጅ ናቸው። በስዊድንኛ “አንቺ” ነው የምላቸው፤ አገሩ እንደዚያ ነው። በአማርኛ ሳስባቸው ግን ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ አሳርፌ ልወጣ ስል “ተቀመጥ፣ ሊጀምር ነው” አሉኝ።

ብሮን ነበር። ማልሞንና ኮፐንሀገንን በሚያገናኘው ድልድይ የተሰየመው ተከታታይ ድራማ። ሁለተኛው ምዕራፍ በዚያ ሰሞን መታየት ጀምሮ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን አላየሁም። እሳቸው በማስታወቂያ እንኳ በማይቋረጥ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁን ቀንሰው አስረዱኝ። ድልድዩ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲበራ፣ ልክ በሁለቱ አገሮች ድንበር መስመር ላይ አስከሬን ተጋድሟል። ግማሹ ስዊድን ውስጥ፣ ግማሹ ዴንማርክ ውስጥ። ሊያነሡት ሲሉ ለካ የሁለት ሴቶች አካል ነው። የላይኛው የስዊድናዊት፣ የታችኛው የዴንማርካዊት። እንግዲህ የማን ፖሊስ ይመርምረው? ሁለቱም።

ስዊድኖቹ በስዊድንኛ ይናገራሉ፣ ዴንማርኮቹ በዴንማርክኛ ይመልሳሉ። እኔ ስዊድንኛውን ራሱ በስንት ጭንቅ ነበር የምለምደው። “እንዴት ይግባባሉ?” አልኳቸው። ሳቁ። ማልሞ ያደገ ሰው ድሮም በአንቴና የዴንማርክን ቴሌቪዥን ያይ እንደነበር፣ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት በጀልባ ተሻግረው ቡና ይጠጡ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ዓይኔን ከሥር በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ተከልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ጽሑፍ የቋንቋ ትምህርት ቤቴ ሆነ።

ድራማው አልቆ ስም ዝርዝሩ መውረድ ሲጀምር ተነሣሁ። “ቆይ” አሉኝ። “ዋናው ይሄ ነው።” በጣታቸው ወደ ዓርማዎቹ እያመለከቱ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ይሄ እኛ ነን። ይሄ ዴንማርኮቹ። ይሄ ጀርመን። ይሄ ኖርዌይ። ይሄ የሁላችን ፈንድ። ዕድሜያቸውን በሒሳብ ሠራተኛነት ነው ያሳለፉት። ማን ስንት እንዳዋጣ ባይጻፍም፣ ማን እንዳዋጣ ማንበብ ደስ ይላቸው ነበር።

ገጠር ያደገ ሰው ደቦን ያውቃል። አጨዳ ሲደርስ ባለ ማሳው ጎረቤት ይጠራል። ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ሌላ ቀን ተራው የጎረቤት ነው፤ ባለ ማሳው ይሄድለታል። አንድ ነገር ግን አለ። ጠላውንና ምሳውን ቀድሞ የሚያዘጋጀው የጠራው ሰው ነው። ባዶ ቤት ተቀምጦ ደቦ የሚጠራ የለም። እናቴ ወሎ ውስጥ፣ ደቦው ሊጠራ ሳምንት ሲቀረው ጀምራ ጌሾ ስትወቅጥ አስታውሳለሁ።

እነዚያን ዓርማዎች ሳያቸው ይህ ትዝ አለኝ። ይሄ ደቦ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ። የምጽፍላችሁም ያነበብኩትና ያየሁት ስላሳሰበኝ ነው።

አምስቱ አገሮች ተደምረው 28 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላቸው። የኢትዮጵያን ሩብ አይሞላም። እሱም በየቋንቋው ተከፋፍሎ። አይስላንድ ብቻዋን 400 ሺህ ሰው የላትም። የድራማ ወጪ ግን ሕዝብ ትንሽ ነው ብሎ አይቀንስም። ካሜራው ያው ካሜራ ነው። ተዋናዩም፣ መብራቱም፣ በክረምት ሌሊት ድልድይ ላይ የሚቆመው ሠራተኛም ደሞዙን ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ብቻውን እንዲህ ያለውን ሥራ በየዓመቱ ሊሸከም አይችልም።

የሚሰበሰበው በቁርጥራጭ ነው። መጀመሪያ የአገሩ ጣቢያ “ይህን ድራማ እፈልገዋለሁ” ይላል። ድርሻውን ያስቀምጣል። ያ ድርሻ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንም፤ ግን ቃል ነው። ፕሮዲዩሰሩ ያንን ቃል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል። የሕዝብ ጣቢያዎቹ፣ የኖርዌዩ ኤንአርኬ፣ የፊንላንዱ ይሌ፣ የአይስላንዱ ሩቭ ገና ሳይቀረጽ ይገዙታል። ቀጥሎ ጀርመን። ዜድዲኤፍ የሚባለው የጀርመን የሕዝብ ጣቢያ ከስንት ዘመን ጀምሮ የስካንዲኔቪያ ወንጀል ድራማ አጋር ነው። ጀርመኖች ይህን ዓይነት ታሪክ ይወዱታል፤ እሑድ ማታ ቁጭ ብለው ያዩታል። የሚከፍሉትም ለዚያ ነው። ከዚያ የክልል ፈንዶች ይመጣሉ። የሳብ መኪና ፋብሪካ በነበረባት በስዊድኗ ትሮልሄታን፣ በ1992 የተቋቋመ ፊልም ኢ ቬስት የሚባል ተቋም አለ። ገንዘብ ይሰጣል፣ በምትኩ ሥራው በክልሉ እንዲሠራ ይጠይቃል። ለአናጢው፣ ለሾፌሩ፣ ለሆቴሉ።

መጨረሻ ላይ ኦስሎ የሚገኘው የኖርዲክ የፊልምና የቴሌቪዥን ፈንድ አለ። በ1990 ነው የተቋቋመው። ገንዘቡ የሚመጣው ከእናንተ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ከአምስቱ አገሮች የፊልም ተቋማትና ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ነው። ይህ ፈንድ ማሟያ ነው። ጎደሎውን ይሞላል እንጂ ከባዶ አይነሣም። ሥራው ቢያንስ በሁለት የኖርዲክ አገሮች እንደሚታይ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ሚዲያ የተባለው ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው፤ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ጣቢያዎች ገብተውበት ማየት ይፈልጋል።

ልብ በሉልኝ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። “ቤቱ ስንት አስቀምጧል?” ጀርመኑም ይህን ይጠይቃል፣ ፈንዱም ይህን ይጠይቃል። የቤቱ ገንዘብ ከሌለ ሌላው አይመጣም። የቤቱ ገንዘብ ማለት ደግሞ የእኛ ግብር ነው።

ድልድዩ ራሱ የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው። በ2000 ጁላይ 1 ቀን ተከፈተ። 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ድልድይ፣ ከዚያ በሰው እጅ የተሠራ ደሴት፣ ከዚያ ከባሕር ሥር 4 ኪሎ ሜትር ዋሻ። ወጪው የተሸፈነው በብድር ነው። ዕዳውን የሚከፍለው የሚሻገረው መኪናና ባቡር ነው። አበዳሪዎቹ ግን ገንዘባቸውን የሰጡት ሁለቱ መንግሥታት ዋስ ስለሆኑ ነው። ዋስ ባይኖር ዛሬም በጀልባ ነበርን።

አንድ ነገር መመስገን አለበት። ገንዘብ ከብዙ ቦታ ሲመጣ ታሪክ ይበላሻል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተበላሽቷል። ከፋዩ ሁሉ “የእኔ ተዋናይ ይግባ፣ የእኔ ከተማ ይታይ” ይላል። ባለሙያዎቹ ዩሮፑዲንግ የሚሉት ይህን ነው። የሁሉም ቅመም ገብቶበት የማንም ጣዕም የሌለው ወጥ። ብሮንን የሠሩት የስዊድኑ ፊልምላንስና የዴንማርኩ ኒምቡስ ይህን ችግር ወደ ውስጥ አስገቡት። የሁለት አገር ገንዘብ ነው፤ እሺ፣ ታሪኩም የሁለት አገር ይሁን። ደራሲው ሃንስ ሮዘንፌልት አስከሬኑን መስመሩ ላይ አስቀመጠው። ማንም ተመልካች “ይሄ ዴንማርካዊ ለምን መጣ?” ብሎ አይጠይቅም። እዚያ መሆን ስላለበት ነው። ድራማው ከመቶ በላይ አገሮች ተሸጠ። አሜሪካኖች ወደ ሜክሲኮ ድንበር ወስደው ሠሩት፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከባሕር ሥር ባለው ዋሻቸው ውስጥ አስገቡት። ሁለቱም በ2013።

ከእሱ በፊት ደግሞ ፎርብሪደልሰን የሚባለው የወንጀል ድራማ ነበር። የዴንማርኩ የሕዝብ ጣቢያ ዲአር በ2007 ያወጣው። እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ በአንድ የገና ዕረፍት ሃያውንም ክፍል ጨረስኩት። ሃያ ክፍል፣ አንድ ግድያ። ፖሊሶቹን ብቻ አይደለም የምናየው። የተገደለችውን ልጅ ወላጆች እናያለን። አባትየው መኪና ላይ ዕቃ እየጫነ የሚኖር ሰው ነው። እናትየው ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የምትጠፋበትን ዝምታ እናያለን። ለከንቲባነት የሚወዳደረውን ፖለቲከኛ እናያለን። ዲአር ውስጥ አንድ ደንብ ነበር፦ ታሪኩ ድርብ ይሁን። ከላይ ገዳዩን እንፈልግ፣ ከሥሩ ግን ስለ አገሩ አንድ ነገር እንወቅ። ዜድዲኤፍ ገንዘብ አስገብቶበታል፤ ኮፐንሀገን ግን ኮፐንሀገን ሆና ቀረች። በ2011 ቢቢሲ ፎር በዴንማርክኛ እንዳለ፣ ጽሑፍ ከሥሩ አድርጎ አሳየው። እንግሊዞች ቁጭ ብለው አነበቡ። በዚያው ዓመት ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዞች ሽልማት በውጭ ፕሮግራም ዘርፍ ወሰደ።

እንግሊዝኛ ሳይናገሩ ዓለም አዳመጣቸው። ትንሽ ቋንቋ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጄ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ጊዜ ነበር። ስድስት ሚሊዮን ሰው የሚናገረው ዴንማርክኛ ለንደን ውስጥ ከተሰማ፣ አማርኛ ምን ያሳፍራል አልኩት።

የአይስላንዱን ኦፈርድም አንሥቼ ልለፍ። በ2015 ሩቭ ያሳየው ነው። መርከብ ከዴንማርክ ይመጣል፣ ማዕበልና በረዶ መንገዱን ይዘጋል፣ ገዳዩ ከከተማው ሰው ጋር አብሮ ታግቷል። የተቀረጸው ሰሜን አይስላንድ ውስጥ ሲግሉፍዮርዱር በምትባል፣ ሺህ ምናምን ሰው በሚኖርባት ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ 330 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት አገር ያንን ብቻዋን ልትሠራው አትችልም ነበር። የጎረቤት ማጭድ ነው ያጨደው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ።

በ2018 የዴንማርክ ፖለቲከኞች የዲአርን በጀት በአምስት ዓመት ውስጥ በ20 በመቶ ለመቀነስ ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አልደነገጠም። የስትሪሚንግ፣ ማለትም ድራማ በኢንተርኔት የሚያሳዩ ኩባንያዎች ገንዘብ ይዘው እየመጡ ነበር። ድራማ በላይ በላዩ ይቀረጽ ነበር። “መንግሥት ቢወጣ ገበያው አለ” ተባለ። በዚያው ዓመት አምስቱ ጣቢያዎች ጥሩ ነገር ጀመሩ። ከ1959 ጀምሮ ኖርድቪዥን በሚባለው ማኅበራቸው ፕሮግራም ይለዋወጡ ነበር፤ አሁን በዓመት 12 ድራማ በጋራ ለማቅረብ ተስማሙ። ይህን ከልቤ አመሰግናለሁ። አንዱ የሠራውን አምስቱም ያሳዩታል። ግን ደቦው እየሰፋ የጠላው ገብስ እየቀነሰ ነበር።

ከዚያ 2022 መጣ። ዴንማርክ ውስጥ ደራሲዎችና ተዋንያን በአንድ ወገን፣ ፕሮዲዩሰሮችና ኩባንያዎች በሌላ ወገን ሆነው በስትሪሚንግ መብት ክፍያ አልተስማሙም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ሥራ ማዘዝ አቆሙ። በዚያው በጋ የአሜሪካኑ ኤችቢኦ ማክስ በኖርዲክ አገሮች የራሱን ድራማ መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ። ያሠራቸውን አንዳንዶቹንም ከማሳያው ላይ አወረዳቸው። በ2023 ደግሞ የራሳችን የስዊድኑ ቪያፕሌይ ቀውስ ውስጥ ገባ፤ ሠራተኛ ቀነሰ፣ ድራማ ቀነሰ።

ይህ ለእኔ የጋዜጣ ወሬ ብቻ አይደለም። የአጎቴ ልጅ እዚህ ማልሞ ባለችበት በስኮኔ ክልል ውስጥ በቀረጻ ቦታዎች የመብራት ክፍል ረዳት ነበር። ገመድ ይዘረጋል፣ የመብራት ማቆሚያ ይሸከማል። ውርጭ ላይ ጓንት ለብሶ ገመድ መጠቅለል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሥራውን ይወደው ነበር። በ2023 አንድ ትልቅ ሥራ ሊጀምር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስልክ ተደወለለት። ቀርቷል ተባለ። ማን እንደደወለ መጥራት አልፈልግም፤ ደዋዩም ሥራውን ሊያጣ የተቃረበ ሰው ነበር። ሁለተኛው ሥራም ቀረ። አሁን አውቶቡስ ይነዳል። የሚወዳቸው ጓንቶች መኪናው ኋላ ውስጥ አሉ።

እንግዳ እንግዳ ነው። ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይሄዳል። ይህን ለወቀሳ አልልም፤ ኩባንያ ለባለአክሲዮኑ ነው የሚሠራው። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። እንግዳው ሲሄድ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ምን አደረጋችሁ?

አንዳንዶቻችሁ ወጪ ተመላሽ ስለማድረግ ትነግሩን ይሆናል። ኖርዌይ ከ2016 ጀምሮ እዚያ ለሚቀርጹ ሥራዎች ካወጡት እስከ 25 በመቶ ትመልሳለች። አይስላንድ ከ2022 ጀምሮ ለትልልቅ ሥራዎች 35 በመቶ። ስዊድንም በዚያው ዓመት መጨረሻ 25 በመቶ ብላ ጀመረች፤ ሲጀመር ለዓመቱ የተመደበው ግን 100 ሚሊዮን ክሮነር ነበር። ጥሩ ነገር ነው። ሥራ ያመጣል። ነገር ግን ይህ ፊልም የሚቀርጸውን የሚስብ ገንዘብ እንጂ ታሪኩን የሚወልድ አይደለም። ማንም ከየትም መጥቶ በረዶውን ቀርጾ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሊሄድ ይችላል። ስለ ማልሞ ሰው የሚናገር ድራማ የሚወለደው አንድ ደራሲ “ጻፍ፣ እንከፍልሃለን” ሲባል ነው። ያንን የሚለው የቤቱ ጣቢያ ነው።

የመብት ጉዳይም አለ። በደቦው አሠራር እያንዳንዱ የከፈለው ለየአገሩ ነው። ጀርመን የጀርመንን ይይዛል፣ ኖርዌይ የኖርዌይን። የሌላው አገር መብት ደግሞ ሊሸጥ ይችላል፤ ሲሸጥም ገንዘቡ ወደ ሠሪዎቹ ይመለሳል፣ ቀጣዩ ሥራ ይወለድበታል። አንድ ኩባንያ ሙሉውን ከፍሎ ሙሉውን ሲወስድ ግን፣ አንድ ቀን ከማሳያው ላይ ካወረደው አለቀ። ስለዚህ የሕዝብ ገንዘብ አንድ ክሮነር የገባበት ድራማ ሕዝቡ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይኑር። በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ከዚህ የሚከብደኝን ነገር አሁን ልጻፍ።

በ2015 መጸው የብሮን ሦስተኛ ምዕራፍ ይታይ ነበር። የድራማው ስዊድናዊት መርማሪ ሳጋ ኖሬን በዚያች የወይራ ቀለም ባላት አሮጌ ፖርሽ ድልድዩን እንደ ግቢዋ በር ትሻገረዋለች። በዚያው ወር በዚያው ድልድይ ላይ ባቡሮቹ ስደተኛ ሞልተው ማልሞ ይገቡ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ውኃና ዳቦ ይዘን ቆመናል። ትግርኛም አማርኛም የሚሰማ ጆሮ ይፈለግ ስለነበር አስተረጎምኩ። ከ2016 ጃንዋሪ 4 ጀምሮ ደግሞ ከዴንማርክ ወደ ስዊድን የሚመጣ ሰው ካስትሩፕ በሚባለው የኮፐንሀገን አውሮፕላን ማረፊያ ባቡር ጣቢያ ላይ መታወቂያ እንዲያሳይ ተደረገ። ኮፐንሀገን ሠርቶ ማልሞ የሚያድር ጓደኛዬ በየቀኑ ይሰለፍ ነበር።

እና እነዚህ ድራማዎች ሲሠሩ እኛን የሚመስል ሰው የት ነው ያለው? አለ። ተጠርጣሪ ሆኖ አለ። ሬሳ ሆኖ አለ። በር ከፍቶ “ምንም አላየሁም” የሚል ጎረቤት ሆኖ አለ። ፎርብሪደልሰን ውስጥ በስህተት የሚጠረጠር የስደተኛ ቤተሰብ መምህር አለ፤ ያ ታሪክ በትክክል የተጻፈ ነው፤ ጥርጣሬው ራሱ የሚመረመርበት ነው። እንደዚያ ያለው ግን ጥቂት ነው። እኔ በየማታው ሰባት ስምንት ቤት እገባለሁ። የስዊድን ሽማግሌዎች ለልጆቻቸው የማይነግሩትን ለእኔ ይነግሩኛል። እኔን የመሰሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉ። ይህ አገር በሌሊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ ሰዎች ነን። ከመካከላችን አንድ ሰው ድራማው ከሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጥ፣ ታሪኩ ይሻላል እንጂ አይከፋም።

የአብሮ መሥራት ጥቅም ወደ እኛም ደርሷል። በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫው ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም፣ የያሬድ ዘለቀ “ላምብ”፣ ከፈረንሳይና ከጀርመን ጋር የኖርዌይ አጋርም ነበረው። የኢትዮጵያ ተራራ፣ አማርኛ ቋንቋ፣ አንድ ልጅና አንድ በግ። የኖርዌይ ገንዘብ ገብቶበት ኖርዌጂያዊ አልሆነም። ማልሞ ውስጥ ስክሪን ላይ ሳየው ጎኔ የተቀመጠችው ሴት በመጀመሪያው ትዕይንት ማልቀስ ጀመረች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለጋራው ፈንድ የሚሰጠውን አይቀንስ፤ ዋጋ ሲወደድ አብሮ ይጨምር። የየአገሩ ሚኒስትር የሕዝብ ጣቢያውን በጀት ሲነካ፣ አብሮ የሚቀረውን የጀርመንና የጎረቤት ገንዘብ ቆጥሮ ለፓርላማው ያሳይ፤ ከቤቱ የተቀነሰ አንድ ክሮነር ብቻውን አይሄድምና። ጣቢያዎቹ የአሥራ ሁለቱን ድራማ ስምምነት አጠናክሩ፤ ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ በየዓመቱ ጥቂቱ የአዲስ ደራሲ ይሁን። ፈንዱም ለሚደግፈው ለእያንዳንዱ ተከታታይ ድራማ አንድ ደሞዝ የሚከፈለው የተማሪ ደራሲ ቦታ ይጠይቅ፤ ስደተኛ ከሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ከሮሰንጎርድ፣ ከሪንከቢ፣ ከኦስሎ ምሥራቅ የሚመጣ ልጅ የሚይዘው። ነፃ ሥራ አይሁን። ደሞዝ ይከፈለው። የእኛ ልጆች በነፃ መሥራት አይችሉም።

ለእናንተ ለወገኖቼም አንድ ነገር። ስለ ሕዝብ ቴሌቪዥን በየኮሚዩኑ ስብሰባና በየምርጫው ሲነሣ ዝም አንበል። እየከፈልን ነው። ልጆቻችንም ድራማ መጻፍ እፈልጋለሁ ሲሉን “ሥራ ነው እንዴ?” አንበላቸው።

እኚያ እናት በ2017 አረፉ። የብሮን የመጨረሻ ምዕራፍ የጀመረው በ2018 ጃንዋሪ 1 ነው፤ አላዩትም። እኔ ቤቴ ሆኜ አየሁት። ሲያልቅ ልጄ ማጥፊያውን አነሣ። “ቆይ” አልኩት። ዓርማዎቹ ወርደው እስኪያልቁ ጠበቅን። እኛ፣ ዴንማርኮቹ፣ ጀርመን፣ ኖርዌይ። ሁሉም ነበሩ።

የሚቀጥለው በጀት ከመጽደቁ በፊት መልሳችሁን እጠብቃለሁ። በስዊድንኛ፣ በዴንማርክኛ ወይም በኖርዌይኛ ቢሆን አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የማልሞ ነዋሪ